ዋሳቸው ማነው?

ሐዋሳ፣ እኛ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የጤና ጣቢያ የመሠረት ድንጋይ አለ። ጤና ጣቢያው የለም። ድንጋዩ የተቀመጠ ዕለት ድንኳን ተተክሎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ፈንድሻ ተበትኖ ነበር። ዛሬ እብነ በረዱ ላይ የደላላ ስልክ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንዲት ልጅ ጥላው ሥር ቆሎ ትሸጣለች። አንድ ቀን ባጃጅ ስጠብቅ ወረቀቱን ገለጥ አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩት። ማን እንዳስቀመጠው ይናገራል፣ ማዕረጉ ሳይቀር። በየትኛው ቀን እንደተቀመጠም ይናገራል። መቼ እንደሚያልቅና በስንት ብር እንደሚሠራ ግን አንድም ቃል የለበትም።

እኔ የሰፈራችን የእሑድ እቁብ ጸሐፊ ነኝ። ከእቁብተኞቹ አንዷ አሞራ ገደል አሳ የሚሸጡ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት ናቸው። ባለፈው ወር ዕጣው ሲወጣላቸው እንደ ደንቡ ዋስ እንዲያቀርቡ ጠየቅናቸው። ዋሶቹን ጠሩ፣ አስፈረሙ፣ ብሩን ቆጥረው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ በገዛ ገንዘቤ ዋስ አምጪ እባላለሁ። ለነዚያ ሰዎች ዋሳቸው ማነው?» አሉኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ቤት ገባ። ሹማምንት ቃል ገብተው ለምን ይቀራል? ሲቀርስ ሕዝቡ አንዳንዱን ይቅር ብሎ ሌላውን ለምን በልቡ ይይዛል? ብዙዎቻችን «ስለሚዋሹ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ውሸትም አለ። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ከእቁቡ ልጀምር። እቁብ ቃል ብቻ ነው፤ ባንክም ፍርድ ቤትም የለበትም። ሆኖም ሰው ያለ ስጋት ገንዘቡን ይጥላል። መተማመኑ እቁብተኛው ደግ ስለሆነ የመጣ አይደለም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ መጠኑ የታወቀ ነው፣ ያልጣለ ይቀጣል፣ የወሰደ ዋስ አለበት፣ ደብተሩም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው። ዳኛው ቢታመም እንኳ ደብተሩ አይታመምም። እንግዲህ የመሠረት ድንጋዩን በዚህ መለኪያ እዩት። ቀን የለው፣ መጠን የለው፣ ቅጣት የለው፣ ዋስ የለው።

ድንጋይ ማስቀመጥ የሥራ መጀመሪያ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ብዙ ጊዜ አይደለም። አንድ ጤና ጣቢያ ሕንፃ እስኪሆን መጀመሪያ ጥናትና ዲዛይን ይሠራለታል፤ ከዚያ በጀት ይያዝለታል፤ ከዚያ ጨረታ ወጥቶ፣ አሸናፊ ተለይቶ፣ ውል ይፈረማል፤ ቦታው ከይገባኛል ነፃ ሆኖ ለተቋራጩ ይሰጣል፤ ከዚያ ነው ቁፋሮ። መጨረሻ ላይ ርክክብ አለ። ከርክክብ በኋላ እንኳ ሐኪም፣ መድኃኒት፣ ውኃና መብራት ይቀራል። ድንጋዩ ከእነዚህ ከየትኛውም በፊት ሊቀመጥ ይችላል፤ የሚከለክል የለም። የሚያስፈልገው ግንበኛ፣ እብነ በረድና ካሜራ ነው።

ከሁሉም ደረጃዎች ገዳዩ በጀት ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ገንዘቡ ሁለት ዓይነት ነው፦ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ የሚሸፈንበት መደበኛ በጀት፣ ግንባታ የሚሠራበት ደግሞ የካፒታል በጀት። በወረዳና በከተማ ደረጃ አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ ይሄዳል፤ ለካፒታል የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ በእሱም ላይ ትምህርት ቤቱ፣ መንገዱ፣ ውኃው፣ ድልድዩ ይሻማበታል። ስለዚህ አንድ ሹም በጥር ወር መድረክ ላይ «ይሠራል» ቢል፣ የዚያ ዓመት በጀት ከጸደቀ ወራት አልፈውታል። በመጪው ሐምሌ ካልተያዘለት ቃሉ አየር ላይ ነው። ይህን ሹሙ ያውቀዋል። አጨብጫቢው አያውቀውም፤ ጭብጨባውም የሚቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በጀት ከተያዘ በኋላ ደግሞ ጨረታ አለ። ተጫራች ይጠፋል፤ ወይም የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ከጨረታው እስከ ውሉ ባለው ጊዜ ይወጣና ተቋራጩ የዋጋ ማስተካከያ ካልተደረገልኝ ብሎ ይቆማል። ወይም ቦታው ላይ ካሳ ያልተከፈለው ባለ ይዞታ አለ። በአገራችን የመንገድ ሥራ የሚጓተተው ብዙ ጊዜ በወሰን ማስከበር ነው፤ ዶዘሩ መጥቶ አንድ የእንሰት ጓሮ ላይ ይቆማል። የሞጆ ሐዋሳ ፈጣን መንገድን ያየ ይህን ያውቃል። 200 ኪሎ ሜትር ግድም የሚሆነው ይህ መንገድ ለእኛ የተነገረን እንደ አንድ መንገድ ነው። በወረቀት ግን አራት ነው፦ ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ባቱ፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ፣ ከአርሲ ነገሌ ሐዋሳ። ገንዘቡም ከአራት ቦታ ነው የመጣው፦ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከኮሪያ፣ ከዓለም ባንክና ከቻይና ኤግዚም ባንክ። እያንዳንዱ አበዳሪ የራሱ የግዢ ሥርዓት፣ የራሱ ሰዓት አለው። ከሞጆ ባቱ ያለው አልቆ መኪና ሲሄድበት ወደ እኛ የሚመጣው ገና አቧራ ነበር። ሐዋሳ ቁጭ ብሎ «ተታለልን» ያለው ሰው ያልሰማው ነገር ቢኖር፣ የተገባለት ቃል አንድ ሳይሆን አራት መሆኑን ነው። ማንም አልነገረውምና አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ቃል የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ ገና ሲነገር ነው። አማርኛችን ለሥልጣን የሚመች ግስ አለው። «እሠራለሁ» ያለ ሰው ስሙን አስይዟል። «እንሠራለን» ያለ ሰው ብዙ ሰው መሀል ተደብቋል። «ይሠራል» ያለ ግን ጭራሹን የለም፤ ሥራው ራሱን በራሱ ሊሠራ ነው። የሹማምንት ንግግር ስትሰሙ ግሱን ብቻ ተከታተሉ፣ ብዙ ትማራላችሁ። «አቅጣጫ ተቀምጧል» ሲባል ገና አልተጀመረም ማለት ነው። «በትኩረት እየተሠራ ነው» ሲባል ቀን አትጠይቁን ማለት ነው። «ርብርብ እየተደረገ ነው» ከተባለ ጊዜው አልፏል። «በቅርቡ» ደግሞ በየትኛውም የቀን መቁጠሪያ ላይ የለም።

ከመቶኛም ተጠንቀቁ። «አፈጻጸሙ ሰማንያ በመቶ ደርሷል» ሲባል፣ የምኑ? የባለሙያ ሪፖርት ሁለት አፈጻጸም አለው፦ ፊዚካል፣ ማለትም መሬት ላይ የቆመው ሥራ፣ እና ፋይናንሺያል፣ ማለትም የወጣው ገንዘብ። ሁለቱ እኩል ላይሄዱ ይችላሉ። ሰማንያ በመቶው ገንዘብ ወጥቶ ግድግዳው ገና ወገብ ላይ ያለ ሥራ «ሰማንያ» ተብሎ ሊዘገብ ይችላል፤ ዘጋቢውም አልዋሸም።

ሪፖርቱ ወዴት እንደሚሄድ ማየትም ያስፈልጋል። የእቁብ ዳኛ የሚፈራው እቁብተኛውን ነው። የእኛ አገር ሹም የሚፈራው ከበላዩ ያለውን ነው፤ የሾመውም የሚያነሳውም እሱ ነውና። ስለዚህ መድረክ ላይ ለእኛ የተነገረ የሚመስለን ቃል ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ የተላከ ነው፤ እኛ ምስክሮች ነን። ድንጋዩ ተቀምጧል፣ ፎቶው ተልኳል፣ ሪፖርቱ ተሞልቷል። ሹም ሽር ሲመጣ አዲሱ ሰው ወንበሩን እንጂ ቃሉን አይረከብም። «የቀድሞው አመራር ነው» ይላል፣ እውነቱን ነው። በሐዋሳ ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ለዓመታት የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበርን። ሲዳማ በ2012 ወጣ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ፣ በ2015 መጨረሻ የቀረው ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ተከፈለ። ቃል የገባው መሥሪያ ቤት ራሱ የለም። ሰውዬውን ፈልገህ ብታጣ አንድ ነገር ነው፤ ክልሉን ፈልገህ ስታጣ ማንን ትጠይቃለህ?

ቀን የሌለውን ቃል ይህን ያህል አማሁ። ቀን ያለው ቃል ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከዚህ ከተማ የበለጠ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 አንድ ብሔር የራሱን ክልል ሲጠይቅ ምን እንደሚደረግ በግልጽ አስፍሯል። ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ከተደገፈና ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ከቀረበ፣ ክልሉ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ማደራጀት አለበት። «በቅርቡ» አይልም። አንድ ዓመት ነው። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ሐምሌ 11 ቀን 2010 ጥያቄውን አጸደቀ። በዚያ ቀን የሁሉም ሰው ጣት መቁጠር ጀመረ፤ ዓመቱ የሚሞላው ሐምሌ 11 ቀን 2011 ነው። ወጣቱ ቀኑን 11/11/11 ብሎ ሰየመው፤ የተማረውም ያልተማረውም ያውቀው ነበር። ቀን ያለው ቃል እንዲህ ነው፤ የሰው ሁሉ ይሆናል።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ለመዘግየቱ ምክንያት አልጠፋም፦ ምርጫ ቦርድ በዚያው ዓመት እንደ አዲስ እየተደራጀ ነበር፣ የደቡብም ሌሎች ዞኖች ተመሳሳይ ጥያቄ ይዘው ተሰልፈው ነበር። ሕዝበ ውሳኔው በአምስት ወር ውስጥ እንደሚካሄድ ቦርዱ የገለጸው ግን ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። በአሥረኛው ወር ቢነገር ምክንያት የሚባለው፣ በመጨረሻው ሳምንት ሲነገር ሰበብ ተባለ። ሐምሌ 11 ደረሰ፤ በሐዋሳና በሌሎች የሲዳማ አካባቢዎች ሁከት ተነሳ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ ንብረት ነደደ። የዚያን ሰሞን ዝርዝር እዚህ አልጽፈውም፤ ያለፉበት ያውቁታል።

ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደ። ምልክቶቹ ሻፌታና ጎጆ ነበሩ፤ ሻፌታ ክልል እንሁን፣ ጎጆ በደቡብ እንቆይ። ውጤቱ 98.51 በመቶ ለሻፌታ። በሰኔ 2012 ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። እንግዲህ ልብ በሉ፦ ቃሉ ተፈጽሟል። የዘገየው አራት ወር ነው። በኢትዮጵያ የፕሮጀክት ታሪክ አራት ወር መዘግየት ሰዓት እንደማክበር ነው። ጉዳቱን ያመጣው የወሩ ብዛት አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ቀን ሲቆጥር ዓመቱን ሙሉ «አይደርስም፣ በዚህ በዚህ ምክንያት» የሚለው ሰው መጥፋቱ ነው።

ሲዳማ ለዚህ ነገር ስም አለው፤ አፊኒ ይሉታል። «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው። ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ በእሱ ይጀምራሉ፤ ጉዳዩ ለሁሉም ተሰምቶ ሳይመከርበት ውሳኔ የለም። ከቢሮ ወደ ሰፈር የሚመጣ አፊኒ ግን እምብዛም አላየሁም።

ሰው በሁለት ነገር ሌላውን ያምናል፦ በችሎታውና በቅንነቱ። ግንበኛዬ ግድግዳ ቢያጣምም ችሎታው ነው፣ ያፈርሰዋል። ሲሚንቶዬን ከሸጠ ግን ሌላ ነው፣ ዳግመኛ ቤቴ አይገባም። ሕዝብም እንዲሁ ነው። የሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲጣል በጥቂት ዓመታት ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው፣ ከ14 ዓመት በላይ ፈጀ። ቦንድ የገዛው አስተማሪ፣ ከደመወዙ የተቆረጠበት ጥበቃ፣ ሊስትሮው ሳይቀር ጠበቀ። አጉረምርሟል፣ ግን አልተወውም። በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወጥተው ሥራው ለምን እንደተጓተተ ተናገሩ፤ የተርባይኑን ሥራ ይዞ የነበረው ሜቴክ ሥራውን ተነጠቀ። ዜናው መራራ ነበር። ሰው ግን የት እንዳለ አወቀ፤ ግድቡንም በዓይኑ ያየዋል፤ በየክረምቱ ውኃው ሲሞላ ይነገረዋል።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ «ያለ ምንም ደም» እያለ ነው የመጣው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ምሽት ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ስሙ ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ነበረ፤ ጊዜያዊነቱ 13 ዓመት ቆየ። ይህኛው የችሎታ ጉድለት አይባልም።

በሁለቱ መካከል ደግሞ ለመፍረድ የሚያስቸግር አለ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ ሰሞን መለስ ዜናዊ በአሥር ዓመት ውስጥ ሕዝቡ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲበላ ተስፋቸው እንደሆነ ተናገሩ። ተስፋ ነው ያሉት። አገሩ ግን እንደ ቃል ነው የመዘገበው፣ ዛሬም ድረስ ይቆጥረዋል። እዚሁ ሐዋሳ ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ከየወረዳው ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው መጡ፣ አንድ ክፍል ለአራት እየተከራዩ ገቡ። ከዚያ ጦርነት መጣ። ትልቁ ገዢ፣ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ በኅዳር 2014 ፋብሪካውን ዘጋ፤ አሜሪካ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አጎዋ የሚባለውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል አነሳች። ያ ቁጥር ውሸት ነበር? አይመስለኝም። ነገር ግን በሌላ አገር መንግሥት ውሳኔና በሰላም ላይ የተንጠለጠለ ተስፋ መሆኑን መድረኩ ላይ የነገራቸው አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የዝቅተኛ ደመወዝ ወለልን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል፤ ዝርዝሩን ለደንብ ተወው። ወለሉ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚወሰን ግን አልጻፈም። ከአንቀጽ 47 ጋር አስተያዩት፤ አንዱ ቃል ቀን አለው፣ ሌላው የለውም። ቀን የሌለው ቃል ሲቀርም ጩኸት የለውም፤ የቀረበት ቀን አይታወቅማ።

እምነት ሲጠፋ ምን ይጎድላል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ዘለለ። መንግሥት ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት ላይ ድጎማ እንደሚያደርግ አስታወቀ። እኔ በማግስቱ ዘይት ልገዛ ሱቅ ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ትናንት ግን ሞልቶ አይቼዋለሁ። ባለ ሱቁን፣ «ወንድሜ፣ አይጨምርም ተብሏል እኮ» አልኩት። «ጋሼ፣ አይጨምርም ካሉማ አለቀ» አለኝ። መግለጫውን ሰምቷል፣ ገብቶታልም፤ ግን ገልብጦ ነው የሚያነበው። ገንዘቡ እውነትም ተመድቦ ሊሆን ይችላል፤ ባለ ሱቁ ካላመነ ግን ዘይቱ ጓዳ ይገባል፣ ዋጋውም ይወጣል። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። በሕግ ዋስ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች አሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ሊያነሳው እንደሚችል ይናገራል፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ብሎ ይዘጋል። (ይህችን ሐረግ ስታዩ የመሠረት ድንጋይ ትዝ ይበላችሁ።) ሁለተኛው ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ግን የሚጨበጥ ነው፦ በ2000 የወጣው አዋጅ ቁጥር 590። ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ከተከለከለ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይባላል። ጤና ጣቢያው መቼ ይሠራል ብሎ መጠየቅ «በቅርቡ»ን ነው የሚያመጣው። በየትኛው በጀት ዓመት፣ ስንት ብር ተይዞለታል? ጨረታው ወጥቷል? ውሉ ከማን ጋር ተፈረመ፣ የማጠናቀቂያ ቀኑስ? እነዚህን «በትኩረት እየተሠራ ነው» ብሎ መመለስ ይከብዳል። የሚሠራ ሥራ ታፔላ አለው፤ ባለቤት፣ አማካሪ፣ ተቋራጭ ተጽፎበት ይቆማል። ድንጋይ ብቻ ካለ ሥራው ገና ወረቀት ላይም ላይኖር ይችላል።

ባለፈው ሳምንት የሰፈር ስብሰባ ነበር። እትዬ ከገበያ ቀጥታ ነው የመጡት፣ እጃቸው አሳ አሳ ይሸታል። ስለ ኮብል ድንጋይ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ሌባ ከተወራ በኋላ እጃቸውን አወጡ። እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ የሰጠኋቸውን ጥያቄ በቃላቸው ይዘውታል፤ «የጤና ጣቢያው ገንዘብ በየትኛው ዓመት በጀት ነው የተያዘው?» አሉ። ሰብሳቢው ወደ ጎኑ ዞር አለ፣ ከጎኑ ያለው ደግሞ ወደ ጎኑ ዞር አለ። «እናታችን፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንይዘዋለን» አለ ሰብሳቢው። ጸሐፊ ነኝና ዓይኔ ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ሄደ። ስልኩን እየነካካ ነበር። እትዬም አይተውት ኖሯል፤ አልተቀመጡም። «በል ጻፈው እንጂ» አሉት፣ እስኪጽፍም ቆመው ጠበቁት።